መካነ ሰላም ላይ የተፈረደብኝ

«መካነ ሰላም ምን አለ?» ብለው ለሚጠይቁኝ መልሴ አጭር ነው፤ ብርድ አለ፣ ገበያ አለ፣ ቢሮ አለ፣ እኔ ደግሞ እዚያ ፍርደኛ ነኝ። አብዛኞቻችሁ በዚያ በኩል የሚያሳልፍ ጉዳይ የላችሁም፤ መንገዱም ቢሆን ኑ ኑ አይልም። ስለዚህ ደርሼ የመጣሁት እኔ ልንገራችሁ።

ሥራዬ ማስተማር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ «ንጽጽራዊ ፖለቲካ» የሚባል ትምህርት አስተምራለሁ። የአንዱን አገር መንግሥት ከሌላው ጋር እያስተያየን አንዱ ለምን እንዳደገ፣ ሌላው ለምን ባለበት እንደቀረ እንተነትናለን፤ ከክፍል ስንወጣ ሁላችንም የታክሲ ሰልፍ ላይ እንቆማለን። ባለፈው መንፈቅ አንዲት ተማሪዬ እጇን አወጣችና «መምህር፣ የፖለቲካ ባህል ማለት ምንድን ነው?» አለችኝ። ለዓመታት የማነበንበውን ትርጉም አነበነብኩላት። «እሱንማ ጽፈነዋል፤ የት ሄዶ ነው የሚታየው ማለቴ ነው» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ጥያቄዋ ግን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።

ይህንኑ ለባልደረባዬ ለታደለ ብነግረው «ወሎ ሂድ» አለኝ። ታደለ የወሎ ሰው ስለሆነ ጥርስህን ቢያምህም መድኃኒቱ ወሎ ነው። ታናሽ ወንድሙ ይመር ከእናታቸው ጋር መካነ ሰላም እንደሚኖር፣ እነሱ ቤት እንዳርፍ፣ ስመለስ ደግሞ መቅደላ አምባን እንዳይ አዘዘኝ። የመንፈቅ ዕረፍት እንደገባ ሻንጣዬን አነሣሁ።

ረቡዕ ገና ሳይነጋ መናኸሪያ ደረስኩ። «አሁን ነው የምንወጣው» የተባለው አውቶቡስ ፀሐይ እስክትሞቅ ድረስ ቆመ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ኮምቦልቻ ወራጅ ነበሩ፤ ከተማውን ለቅቀን ሳንወጣ ስሜን፣ የአባቴን ስም፣ ሚስት እንደሌለኝና ለምን እንደሌለኝ አውቀው ጨረሱ። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ያህል የሚጠይቀኝ ፖሊስ ብቻ ነው። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝተው ግማሹን መዳፌ ላይ አፈሰሱልኝ። ጠግቤያለሁ ብል «ወላሂ ትበላታለህ» አሉ። በላሁ።

ደሴ ያደርኩበት አልጋ ቤት ውሃ አልነበረውም። ባለቤቷ «ውሃው በተራ ነው፤ ዛሬ የኛ ቀን አይደለም፤ አብሽር» አለችኝ። በእኛ ኮንዶሚኒየምም ውሃ በተራ ነው፤ ልዩነቱ እኛ ዘንድ ተራው መቼ እንደሆነ የሚያውቅ አለመኖሩ ነው። ሴትዮዋ ለራሷ ካስቀመጠችው ጀሪካን ቀንሳ ሰጠችኝ፤ ስንቀጠቀጥ ስታየኝም ከራሷ አልጋ ላይ ብርድ ልብስ አውርዳ አለበሰችኝ። ጠዋት ላመሰግናት ብፈልጋት ገበያ ወጥታለች ተባልኩ።

ሐሙስ የመካነ ሰላም ሚኒባስ ላይ ተሳፈርኩ። ከደሴ ሽቅብ ሲወጣ ብርዱ ሌላ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ «በረደኝ» እያልኩ የኖርኩት ለካ ቅብጠት ነበር። ከእንጦጦ በላይ አገር ያለ ስላልመሰለኝ ሹራብ እንኳ አልያዝኩም።

አቀስታ ላይ ለምሳ ወረድን። አስተናጋጇን «ሥጋ አለ?» አልኳት።

«አለ። የማን?» አለችኝ።

«የበሬ ይሁን።»

«የበሬ መሆኑንማ አውቃለሁ። የእስላም ነው የክርስቲያን?»

ለእሷ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ሁለት ድስት ጥዳ ሁለቱንም ወገን ታበላለች። እኔ ግን ምሳዬ የየትኛው ወገን እንደሆነ ተጠይቄ ስለማላውቅ ድምፅ ስጥ እንደተባለ የፓርላማ አባል ሌላው ምን እንደሚል ግራ ቀኙን አየሁ። ከሚኒባሱ አብረውኝ የወረዱ አንዲት ሴት አዘኑልኝና «ተይው፣ ሽሮ አምጪለት። ሽሮ ሃይማኖት የለውም» አሉ።

ከአቀስታ ወዲያ ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫውም የፈነዳ ሆኖ ተገኘ። ወዲያው ሁለት ፓርቲ ተቋቋመ፤ አንደኛው ጥፋቱ የሾፌሩ ነው የሚል፣ ሁለተኛው ጥፋቱ የመንገዱ ነው የሚል። ክርክሩ ሲከር አንድ አረንጓዴ ጋቢ የለበሰ ሰው ድንጋይ ላይ ወጥቶ «ወንዶች ድንጋይ አምጡ! ሾፌር ጎማውን አውርድ! የሚመጣውን መኪና እኔ አቆማለሁ!» ብሎ ጮኸ። ሁላችንም ታዘዝን። ሥልጣን ከየት ይመነጫል የሚለውን ጥያቄ ስንት ዘመን አስተምሬዋለሁና ድንጋዬን እንደተሸከምኩ አጠገቤ ያለውን ሰው «ማን ናቸው? ኃላፊ ናቸው?» አልኩት።

«ኧረ! ድምፁ ነው እንጂ ትልቁ» አለኝ።

ጎማው ተለጥፎ መካነ ሰላም የገባነው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ይመር መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ቀጭን፣ ገና ያላገባ ሰው ነው። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ስለ ባህል ይሠራል። ሻንጣዬን ነጥቆኝ ቤቱ አደረሰኝ። እናቱ እማማ የሺ መደቡ ላይ በጋቢ ተጠቅልለው ተጋድመዋል። ሳል ይዟቸዋል፤ ጉልበታቸውም ከድቷቸዋል። ምላሳቸው ግን ምንም አልሆነም። ማርያምን ብለው ጀምረው ወላሂ ብለው የሚጨርሱ ሴት ናቸው፤ ክርስትናቸው ጠንካራ ነው፣ መሐላቸው ግን የሁሉም ጎረቤት ነው።

እራት የአተር ክክ ወጥ ነበር። ጆሮዬ ከሚኒባሱ ጩኸት ገና አልተከፈተም። ይመር እጁን ታጥቦ ሲቀመጥ እንዲህ አለኝ፦ «መምህር፣ ነገ ከጁምዓ በኋላ ቅሬ ፊት እቀርባለሁ። ተከስሼ ነው። እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፤ እንዴት ብዬ ልናገር?»

እኔ የሰማሁት «ቅሬታ» ነው። «ቅሬ» የሚባል ቃል በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም፤ ቅሬታ ግን እንጀራዬ ነው። በኮንዶሚኒየማችን የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ፤ እስከ ዛሬ የሰማው ቅሬታ የለም። ስለ ቆጣሪ፣ ስለ ሊፍት፣ ስለ ጣሪያ ፍሳሽ ከእነሱ ጋር ያልተናነቅሁበት ወር የለም። ስለዚህ ይመር እንዲያ ሲለኝ ደሜ ሞቀ።

«ስማኝ ይመር» አልኩት። «እዚያ ስትቀርብ አንገትህን እንዳትደፋ። አንገቱን የደፋ ሰው ጉዳዩ ተቀበረ ማለት ነው።»

«ይቅርታ መጠየቁስ?»

«የምን ይቅርታ! ይቅርታ ጠየቅህ ማለት ጥፋትህን አመንህ ማለት ነው። ማስረጃችሁን አምጡ በላቸው። መብቴ ነው በል። ካስፈለገ ጠረጴዛ ምታ።»

ይመር ወንጌል እንደሚሰማ ሰው አፌ አፌን ያያል። እማማ የሺ ከመደቡ ላይ ቀና ብለው «ልጄ፣ እዚያ እንዲህ ይባላል እንዴ? እኔ እኮ ቀኔ ደርሷል» አሉኝ። ያረጀ ሰው ሁሉ ቀኔ ደርሷል ይላል ብዬ «እማማ፣ ዘመኑ ተለውጧል። አይዞዎት» አልኳቸው።

ዓርብ ከተማውን ዞርኩ። ቢሮዎቹ ትንንሽ ናቸው፤ ስማቸው ግን ከግድግዳው ተርፎ ወደ አጥሩ የሚያልፍ ነው። አዲስ አበባም እንደዚሁ ነው፤ እዚያ ግን ሕንፃው ትልቅ ስለሆነ ስሙ አያስቅም። አንድ ልብስ ሰፊ ሹራብ እንደሌለኝ አይቶ ከጀርባው ካንጠለጠላቸው አሮጌ ኮቶች አንዱን አውርዶ «እስክትሄድ ልበሰው» አለኝ። ስሜን እንኳ አልጠየቀኝም፤ የይመር እንግዳ መሆኔን ከተማው በሙሉ ያውቅ ነበር።

ከሰዓት ቤት ስገባ ይመር በሩ ላይ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ደረቱ ግን ተነፍቷል።

«እንዳሉኝ አደረግኩ መምህር» አለ።

«ጎሽ! ምን አሉህ?»

«እሱን እነግርዎታለሁ። ጠረጴዛ ስላልነበረ ዛፉን መታሁት።»

«የምን ዛፍ?»

«ቅሬው የሚቀመጥበት ዛፍ ነዋ።»

«ቅሬው?» አልኩ።

ነገሩን ያስረዱኝ እናቱ ናቸው። ቅሬ በእኛ ቋንቋ እድር ነው። እድር ነው ማለት ግን አንበሳን ድመት ነው እንደማለት ነው። የሰፈሩ እስላምና ክርስቲያን አንድ ላይ ነው ቅሬው፤ ሬሳ ያነሣል፣ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ሐዘንተኛ ያስተዛዝናል፣ ባልና ሚስት ያስታርቃል፣ የጠፋች በግ ይፈልጋል፣ የሰረቃትንም ያውቃል። የተከሰሰ ሰው እዚያ የሚቀርበው ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ነው። «አፉ በሉኝ» ይላል፤ ይቅር በሉኝ ማለት ነው፤ እነሱም ትንሽ አኩርፈው «አፉ ብለናል» ይላሉ፤ ይበላል ይጠጣል። ማስረጃ አምጡ ያላቸው ሰው ይመር የመጀመሪያው ነው።

የተከሰሰበትም ጉዳይ ለቀብር ተጠርቶ በመቅረቱ ነው። አንዴ አይደለም፣ ደጋግሞ። የት ነበርክ ቢሉት ስብሰባ ላይ። ስብሰባው ስለ ምን ነበር ቢሉት «የመረዳዳት ባህላችንን ስለማጠናከር»። ይህን ያለው ዛፉን ከመታ በኋላ ነው።

ፍርዱ ወዲያው ተሰጥቷል። ይመር ከቅሬ ወጥቷል። ሰላም አይባል፣ እሳት አይጫርለት፣ ቤቱ ለቅሶ ቢሆን የሚደርስ አይኑር።

እማማ የሺ ጋቢያቸውን ገፍፈው ተቀመጡ። «እንግዲህ እኔን ማን ይቅበረኝ? አንተ ሬሳዬን በጀርባህ አዝለህ ልትወጣ ነው? ወይስ መንግሥት ይቅበረኝ?» አሉት ልጃቸውን። እንባቸው በጉንጫቸው ሲወርድ አየሁ። ሌላው ቢቀር ቢሰድቡኝ ቀላል ነበር። ወደ እኔ ዘወር አሉና ግን «አንተ ልጄ፣ ከጠዋት ጀምሮ አልበላህም፤ ብላ» አሉኝ። እፍረት እህል አያስውጥም የሚሉት እውነት ነው።

ቅዳሜ የውግዘትን ኑሮ አየሁ። ጎረቤቲቱ ዘሃራ ገና በማለዳ በአጥሩ ላይ አንድ ሳህን ጭኮ አሻገረች። የገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ ነው። ይመር እጁን ቢዘረጋ እሷ ሳህኑን ወደኋላ ስባ ሰፈሩ እስኪሰማ «ይሄ ለእንግዳው ነው!» አለች። እንግዳ አይወገዝም። ከእሷ በኋላ ከላይኛው ቤት ገንፎ መጣ፣ ከታችኛው እርጎ መጣ፤ ሁሉም «ለእንግዳው» እየተባለ። እኔ አንድ ጉርሻ እቀምስና ሳህኑን ለይመር አሳልፋለሁ። የእርዳታ እህል ማከፋፈያ ጣቢያ ሆንኩ ማለት ነው። ዘሃራ በአጥሩ ቀዳዳ ይመር ሲበላ እያየች ዞር ትላለች፤ ያላየችውን ነገር ለቅሬው መመስከር አይጠበቅባትም።

ይመርና እኔ ጎን ለጎን ስንሄድ ሰዎች እኔን አቅፈው ይስማሉ። «እንግዳ እንዴት አደርክ? ቤተሰብ ደኅና? ከብቱ ደኅና?» ከብት የለኝም፤ ደኅና ነው አልኩ። ይመርን ግን ግንድ እንደሚያልፉ ያልፉታል። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ክብሪት ልንገዛ ሱቅ ገባን። ይመር «ክብሪት» አለ። ባለ ሱቁ በይመር ትከሻ ላይ አሻግሮ እኔን እያየ «መምህር፣ ምን ልስጥህ?» አለኝ።

«ክብሪት።»

«ለማን ነው?»

«ለእኔ።»

«ታጨሳለህ?»

«ዛሬ ጀመርኩ።»

ጥርሱን ነክሶ ሳቁን ዋጠና ሰጠኝ። ይመር ግን አልሳቀም። ባለ ሱቁ አብሮት ያደገ ሰው ነበር። መንገድ ላይ ወጣ ስንል «መምህር፣ ትላንት ማታ እናቴ ስትስል ከጎረቤት የሚጠይቅ ድምፅ እጠብቅ ነበር። ድሮ አንዴ ስትስል ሦስት ቤት እግዜር ይማርሽ፣ አላህ ያሽርሽ ይላታል» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር በዚያ ቀን ስለ ቅሬ ያሰብኩት ሁሉ መልካም አልነበረም። ይግባኝ የለው፣ ሴት አያስቀምጥ፣ ዳኛው ከመቼ ጀምሮ ዳኛ እንደሆኑ የሚያስታውስ የለ። በእኔ መለኪያ ይህ ትንሽ አምባገነን መንግሥት ነው። ቤቴ ውስጥ ማንም ሊያወግዘኝ አይችልም፤ ነጻ ሰው ነኝ። ግን ለመወገዝ መጀመሪያ ሰላም የሚል ጎረቤት ያስፈልጋል። ከፊት ለፊቴ በር የሚኖረው ሰውዬ ስሙ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ቢያወግዘኝም የማውቅበት መንገድ የለኝም።

ማምሻውን ዘሃራ እንደገና አጥሩ ጋ መጣች። ይመር አጠገቤ ቆሟል። ዓይኗን እኔ ላይ ተክላ «መምህር፣ ለዚያ ለማላናግረው ሰው ንገርልኝ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ቅሬው ይቀመጣል። ድንጋይ ይሸከምና ይምጣ። ዳኛው አያ ሰይድ ከእሱ ይልቅ የተቆጡት ለዛፉ ነው በለው» አለችኝ።

ወደ ይመር ዞሬ «ነገ ከቅዳሴ በኋላ...» ብዬ ስጀምር «ሰምቻለሁ» አለ። ዘሃራም «አልሰማሁትም» ብላ ገባች።

እሑድ ሁለታችንም ድንጋይ ፈልገን አንገታችን ላይ ጫንን። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ እኔም ልሸከም አልኩ። ዛፉ ሥር ስንደርስ ወንዶቹ በክብ ተቀምጠዋል። ሴቶቹ ከኋላ በአጥሩ ጥላ ናቸው፤ እማማ የሺን ዘሃራና ሌላ ሴት ደግፈው አምጥተው በርጩማ ላይ አስቀምጠዋቸዋል። አያ ሰይድ መሐል ላይ ናቸው። አጭር ናቸው፤ ነጭ ኮፍያቸውን ደጋግመው ያስተካክላሉ፣ የራሳቸውን ድምፅ እንደሚወዱትም ወዲያው ያስታውቃል። ዱዓ አደረጉ፤ ጎናቸው ያሉት ቄስም ባረኩ። ግማሹ «አሚን» አለ፣ ግማሹ «አሜን» አለ፤ ሁሉም ሁለት ሁለት ጊዜ።

አያ ሰይድ ይመርን አላዩትም። ያዩት የእኔን ድንጋይ ነው።

«መምህሩ፣ ምንድን ነው አንገትህ ላይ ያለው?»

«ድንጋይ ነው አያ።»

«የገበጣ ጠጠር ነው እንጂ የምን ድንጋይ! ይህን ተሸክመህ አፉ ልንልህ ነው? ሂድ፣ ሌላ አምጣ።»

ሄጄ ሌላ አመጣሁ። ስመለስ ወገቤ ለሁለት ታጥፎ ነበር። አንገት መድፋትን ያን ያህል የተቃወምኩት ሰው በራሴ ፈቃድ ከዚያ በላይ ልደፋ አልችልም ነበር።

«እሺ ይመር» አሉ አያ ሰይድ። «ይህን ነገር ማን መከረህ?»

ይመር ዝም አለ። እኔን ማሳጣት ስላልፈለገ መሆኑ ገባኝና ከድንጋዬ ሥር ሆኜ «እኔ ነኝ» አልኩ። «አያ ሰይድ፣ አላውቅም ነበር። ቅሬ ሲለኝ ቅሬታ ነው የመሰለኝ። ቅሬታ ሰሚ ቢሮ የሚሄድ መስሎኝ ነው።»

አንድ ሰው በሳቅ ፈነዳ፤ ሌላው ተከተለ፤ ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ወደ ጎን ተጋደሙ። አያ ሰይድ እንባቸውን እየጠረጉ «ቅሬታ ሰሚ! እኛን? እኛ እኮ የሚስቶቻችንንም ቅሬታ ሰምተን አናውቅ!» አሉ።

«እውነት ነው!» አሉ ሴቶቹ ከኋላ።

ሳቁ ሲበርድ ግን ፍርዱ ቀረ። ከወጣቶቹ አንዱ ተነሥቶ መምህሩ አባላችን ስላልሆኑ ልንፈርድባቸው አንችልም ብሎ ተከራከረ። ጥሩ ክርክር ነበር፤ በልቤ አጨበጨብኩለት። አያ ሰይድ ኮፍያቸውን አስተካከሉና «ታዲያ አባል እናድርገዋ» አሉ። ሁሉም እጁን አወጣ። ልቀጣ ዜግነት ተሰጠኝ፤ በማስተምራቸው አገሮች ሁሉ ይህን ያደረገ መንግሥት አላጋጠመኝም።

«ይመር» አሉ አያ ሰይድ፤ «ስብሰባ የሚጠራ አፍህን እናውቀዋለን። ከዛሬ ጀምሮ የቅሬው ጠሪ አንተ ነህ። ሰው ሲሞት በየጉብታው ወጥተህ ትጣራለህ። ተጠርተህ መቅረት ምን እንደሆነ ስትጣራ ይገባሃል።» እኛ ሰፈር ጥሩምባ ነፊ የሚሠራውን ሥራ ነው፤ እዚህ ጥሩምባው ጉሮሮ ነው።

ቀጥሎ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ደግሞ ከዛሬ በኋላ ከዚህ ቅሬ መጀመሪያ የሚሞተውን ሰው፣ ማንም ይሁን፣ ቃሬዛውን ትሸከማለህ። ሲጠሩህ ትመጣለህ።»

«ከአዲስ አበባ?»

«አዲስ አበባ መኪና የለም?»

በዚህ ጊዜ የተሰበሰበው ሕዝብ ሁሉ ሳያስበው ወደ እማማ የሺ ዞረ። እሳቸውም አዩት። «ምን ታዩኛላችሁ? ሞት በዕድሜ ነው ያላችሁ ማን ነው?» አሉ፤ ወዲያው ሳል ያዛቸው። ከየአቅጣጫው «አላህ ያሽርሽ!»፣ «እግዜር ይማርሽ!» ሲባል ሰማሁ። ይመር ድንጋዩን እንደተሸከመ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ያለቅስ ነበር።

«አፉ በሉን» አልን።

«አፉ ብለናል» አሉ፤ ድንጋዩንም አወረዱልን። ክብሪት የሸጠልን ሰው መጀመሪያ ተነሥቶ ይመርን አቀፈው። እኔም ጥግ ይዤ ዓይኔን ጠረግሁ፤ ወገቤን አሞኝ ነው ልል ነበር፣ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም።

ወደ ቤት ስንሄድ አያ ሰይድ በእጄ ተደግፈው ነበር። ድፍረት ሰጠኝና «አያ፣ ከእርስዎ በኋላ ማን ነው የሚዳኘው?» አልኳቸው። ቆም ብለው አዩኝ። «ገና ዛሬ ብትገባ ልትገለብጠኝ ነው?» አሉና የሳቁት ሳቅ እስከ ቤታቸው ድረስ አልለቀቃቸውም።

ሰኞ ማለዳ ተሳፈርኩ። መቅደላን አላየሁም፤ ቀኖቼ አልቀው ነበር፣ ድንጋይም በቅቶኝ ነበር። ኮቱን ለልብስ ሰፊው ልመልስ ስሄድ «አባል ሆነሃል አሉ፤ ብርዱም የአንተ ሆኗል፤ ያዘው» ብሎ መለሰኝ። እማማ የሺ ስሰናበታቸው ጆሮዬን ይዘው ወደ አፋቸው አስጠጉኝ።

«ስትጠራ ትመጣለህ?»

«እመጣለሁ እማማ።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ።»

«ማርያምንም በል።» እሱንም አልኩ። ከሁለት ወገን ታሰርኩ።

አዲስ አበባ በገባሁ ማግስት ከፊት ለፊቴ በር የሚኖረውን ሰውዬ «እንዴት አደርክ? ቤተሰብ ደኅና?» አልኩት። ደንግጦ «ምን ተፈጠረ? ውሃ ወደ እናንተ ፈሰሰ?» አለኝ። ለተማሪዬም የጠየቀችኝን ልነግራት ሞከርኩ። ድንጋዩ ላይ ስደርስ ክፍሉ እንደገና በሳቅ ፈረሰና ሳልጨርስ ደወል ተደወለ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ፈተና ላይ ቆሜ ተማሪ ስጠብቅ፣ ስልኬ ጠራ። ይመር ነበር። ድምፁ ጎርንኗል፤ ሲጣራ የዋለ ሰው ድምፅ ነው። ኮሪደር ላይ ወጣሁ።

«እማማ ናቸው?» አልኩት።

«አይ መምህር። አያ ሰይድ ናቸው። ዛሬ ንጋት ላይ ሱብሒ ሰግደው እንደተቀመጡ።»

የፈረዱብኝ ሰውዬ ይሞታሉ ብዬ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም።

«ቀብሩ ዛሬውኑ ነው፤ አይደርሱም» አለኝ ይመር። «እሳቸውም አስቀድመው ያውቁት ነበር። ባለፈው ሳምንት ሲያማቸው አስጠርተውኝ፣ እኔ ከቀደምኩ ያ መምህር አይደርስም፣ መንገዱም ክፉ ነው፤ እኔ አፉ ብዬዋለሁ፣ አይምጣ በለው ብለውኛል።»

መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው፤ አልዋሽም። መንገዱ፣ ብርዱ፣ ጎማው ከትከሻዬ ወረዱ። ከዚያ እዚያው ኮሪደር ላይ፣ ተማሪዎቼ በመስኮት እያዩኝ፣ እንባዬ መጣ።

ስልኩ ውስጥ ግርግር ተሰማና ሌላ ድምፅ ገባ።

«አንተ ልጄ።»

«እማማ! እንደምን ነዎት?»

«አለሁ። ሰይድ ተራዬን ወሰደብኝ።» ሳሉ፤ ከጀርባቸው ሰዎች «ያሽርሽ» ሲሏቸው ሰማሁ። «እሱ አፉ ብሎሃል አሉ።»

«አዎ እማማ።»

«እኔ አላልኩህም» አሉና ዘጉት።

በማግስቱ ጠዋት የደሴ አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ።